ፉሉ ሳይበርድ

መልእክቱ ሦስት ቃል ብቻ ነበር። «ቲቸር ነቢል አለፉ።» ከኋላው ሁለት የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። የላከችው ሐዋ ናት፤ የላከችበትም እኛ የነቢል የቀድሞ ተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ከፍተን «ፉል ቤት» ብለን በሰየምነው ቡድን ውስጥ ነው።

እኔ በዚያ ሰዓት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ፣ አንድ እምቢ ያለ ማሽን ሥር ተጋድሜ ነበር። ላቤን ልጠርግ ብቅ ስል ነው ስልኬን ያየሁት። አንብቤ ስጨርስ እንደገና አነበብኩት። ያስደነገጠኝ ግን «አለፈ» የሚለው ነገር ብቻ አልነበረም። አንቱታው ነው።

ይህን አገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ድሬዳዋ ላይ አንቱ ብርቅ ነው። ሽማግሌውንም፣ ነጋዴውንም፣ የቀበሌ ሹሙንም «አንተ፣ አቦ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ንቀት የለበትም፣ እንዲያውም ያልቀረብነውን ሰው ነው አንቱ የምንለው። ነቢል ደግሞ በዚህ ከድሬም የባሰ ነበር። ከደጋ የመጡ አዲስ ተማሪዎች «ቲቸር፣ እርስዎ» ብለው ሲጀምሩ ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሰው ይፈልጋል። ከዚያ «እኔ ገና በሕይወት አለሁ፤ አንቱን ስሞት ትሉኛላችሁ» ይላቸዋል። ማሽኑ ሥር ቁጭ እንዳልኩ ትዝ ያለችኝ ያቺ አባባሉ ናት። ሐዋ እድሜ ልኳን አንተ ስትለው ኖራ ዛሬ አንቱ ብላዋለች። እንግዲህ ሞቷል ማለት ነው።

ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሐዋ ጋ ደወልኩ፤ እሷ ያለችው ባሕር ማዶ ነው፣ አታነሳም። ቡድኑ ውስጥ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እና «ነፍስ ይማር» እየተከታተሉ መውረድ ጀምረዋል። አንዱ ጀናዛው መቼ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሌላው ከዓስር ሶላት በኋላ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መለሰ። የሙስሊም ቀብር አያድርም። አለቃዬን መምህሬ ሞተብኝ አልኩትና ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ከፓርኩ እስከ ነቢል ሰፈር መጋላ ሩቅ ነው። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነቢልን ሳስታውስ ሄድኩ። ያንን ለቅሶዬን ዛሬ ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ነጂው እንኳ አዝኖልኝ ዘፈኑን አጥፍቶ ነበር።

ነቢል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ስለ ሙቀት ነበር። ሙቀት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያቆመው፣ ምን እንደሚያጣድፈው። ድሬዳዋ ላይ ስለ ሙቀት ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው እያለ በራሱ ይቀልዳል። ረጅምና ቀጭን ሆኖ፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ መሐረብ ጣል ያደርጋል። አንድ ነገር ሲያስረዳ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ አንዱን የሞቀ ሌላውን የቀዘቀዘ አድርጎ፣ የማይታይ ነገር ከአንዱ ወደ አንዱ ያፈሳል። «ሙቀት ስስት አያውቅም፤ ካለው ወደሌለው ይሄዳል» የምትለውን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማናት እንጃ። እኛም ስናሾፍበት፣ ዳቦ ከጓደኛችን ስንነጥቅ «ካለው ወደሌለው» እንል ነበር።

እውነተኛው ክፍሉ ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አልነበረም። መጋላ፣ አዴ ዘይነባ ፉል ቤት ነበር። አዴ የምንላት እናት ለማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ፉሏ ሌሊቱን ሲንተከተክ አድሮ ጠዋት በብረት ሳህን እየተንጨረጨረ ይመጣል። ላዩ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዘይት፤ አጠገቡ ትኩስ ፉርኖ ዳቦ። ቤቷ አንድ ሕግ አለው፤ የበረደ ፉል አይሞቅም። «ፉል ሁለቴ እሳት አያይም» ትላለች። ወሬ ይዞት ያበረደ ሰው እንደበረደ ይበላዋል፣ አለዚያም ትቶ ይሄዳል። ለምኖ ያስሞቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

ነቢል ይህችን ሕግ ለራሱ ሥራ አዋላት። ለዶክትሬት ትምህርት ማመልከት የሚፈልግ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ከእሱ ጋር ፉል መብላት አለበት። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አመልካቹ ሊሠራ ያሰበውን ምርምር መናገር ይጀምራል። የሚናገረው ለነቢል አይደለም፣ ለአዴ ዘይነባ ነው። ፉሉ ሳይበርድ መጨረስ አለበት። ነቢል አጠገቡ ተቀምጦ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ በጣቱ ጀርባ የሳህኑን ጠርዝ ነካ እያደረገ ሙቀቱን ብቻ ይከታተላል። ያቺ ጣት ስንቱን አስደንግጣለች። በመጨረሻ አዴ ፍርዷን ትሰጣለች። ከገባት «ገባኝ፤ ብላ» ነው። ካልገባት «አልገባኝም፤ ብላ» ነው። በሁለቱም ይበላል፤ ልዩነቱ «አልገባኝም» የተባለው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

አዴን የመረጣት ምን አስቦ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅነው። ማመልከቻ የሚያነቡት ሰዎች ብዙ ያነበቡ፣ የደከማቸውና የራባቸው ናቸው አለን። አዴም ጠዋት ጠዋት ሥራ ይበዛባታል፤ እሷን ጭልፋዋን እንደያዘች ያቆመ ሰው እነሱንም ያቆማል። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያ ቀን ስለ ብረት ዝገት ስለፈልፍ ጭልፋው አንዴም አልቆመም።

ፉል የምትለው ቃልም የራሷ ታሪክ አላት። የትምህርት ክፍያውን፣ የአውሮፕላኑን፣ የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ላቦራቶሪውንና ሕክምናውን ሁሉ የሚችል ዕድል ሲመጣ ተማሪው «ፉል ፈንድድ» ይለዋል። ነቢል ሁለተኛውን ቃል ቆርጦ ጣለው። ለአፍሪካ ልጆች የወጣ አንድ ማስታወቂያ ስታሳየው ከየት ነው፣ የት አገር ነው አይልም። «ፉል ነው?» ብቻ ነው የሚለው። ፉል ነው ካልከው ፊቱ ይበራል። ትምህርቱን ይችላሉ፣ መኖሪያው ግን በራስህ ነው ካልከው ደግሞ አፍንጫውን ይነፋና «ይሄ ፉርኖ ብቻ ነው» ይላል። እኔ ራሴ አንዴ ፉርኖ ብቻ ደርሶኝ፣ የአባቴን ቤት አሽጬ እሄዳለሁ ብዬ ስፎክር፣ ከአባቴ ቀድሞ እሱ ነው ያስቆመኝ። ስለ ዝገት ለመማር ቤት የሚሸጥ ሰው ራሱ ዝጓል አለኝ። አኩርፌው ነበር። አሁን ትዳሬንና ልጆቼን ሳይ ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ቃሏ ከፉል ቤት ወጥታ በየቤቱ ስትዞር ሌላ መልክ ያዘች። አንዲት እናት አንድ ቀን ነቢልን መንገድ ላይ አስቁማ ልጇ ፉል እንዳገኘ ሰምታ ደስ ብሏታል፣ ግን አንድ ነገር አሳስቧታል፤ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ፉል ብቻ እየበላ ሆዱ ይችለው ይሆን? ነቢል ፈገግ እንኳ አላለም። ሩዝም እንደሚሰጡት፣ ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ ሥጋ እንዳለ በቁም ነገር አረጋገጠላት። እሷም መርቃው ሄደች።

ሐዋን ያወቅናት በዚህ ጊዜ ነው። አባቷ ዩሱፍ ጎማ የሚሸጥ ሰው ነው። ቤታቸው የሚወራው ሶማልኛ ነው፣ አረብኛውን ቁርዓን ቤት ተማረችው፣ አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ አንዳንዴ ቃሉ ልክ ሆኖ ነገሩ ሌላ ይሆንባታል። ከኬሚካል ምህንድስና ልጆች ሁሉ ብርቱዋ እሷ ነበረች። ማመልከቻዋ አልፎ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ ሲደረግላት፣ ጠያቂዎቹ እንደ አገራቸው ልማድ በአባቷ ስም ጠሯት። «ሚስ ዩሱፍ፣ ትሰሚናለሽ?» አሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ጫቱን ይዞ የተቀመጠው ዩሱፍ ስሙን ሲሰማ «ነዓም!»፣ አቤት እንደማለት፣ ብሎ ገባ። ሐዋ ቀና ብላ ሳታየው ካሜራው ፊት አጠገቧ ቁጭ ብሏል። ሰላምታ ጀመረ። የእነሱን ጤና፣ የልጆቻቸውን ጤና፣ የአገራቸውን ሰላም፣ ዝናብ ዘንቦላቸው እንደሆነ ሁሉ ጠየቀ። ሐዋ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

ከጠያቂዎቹ አንዷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ልጁ ምን ልትማር እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ሐዋ ተረጎመችለት። ዩሱፍ ግን ለአዴ ዘይነባ የሚባለውን ነገር ልጁ ቤት ውስጥ ሳምንታት ስትለማመደው ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። የባሕር ውሃ የሚያጣራ ወንፊት ልትሠራ ነው፣ ቀዳዳው በዓይን አይታይም፣ ውሃውን ያሳልፋል ጨውን ያስቀራል፣ ባሕር አጠገብ ሆኖ የሚጠማ ዘመድ ስላለን ነው አላቸው። ሐዋ ይህንንም ተረጎመች። ዕድሉን አገኘች፤ ሰውዬውም እስከ ዛሬ ድረስ ቃለ መጠይቁን ያለፍኩት እኔ ነኝ ይላል። ነቢል ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቹ ምክር ሲሰጥ አባታችሁን ከቤት አስወጡ የሚል ጨመረበት። ልጆቹ ግን አባታቸውን ማስገባት ነው የፈለጉት።

ይህን ሁሉ ሰው የሸኘ ነቢል ራሱ ዶክትሬቱን አልሠራም ነበር። በወጣትነቱ አመልክቶ አልተሳካለትም። ቀጥሎ እናቱ አልጋ ላይ ዋለች፤ እሷን ትቶ የሚሄድበት ልብ አልነበረውም። እሷን ቀብሮ ቀና ሲል ደግሞ ማስታወቂያው ሁሉ የዕድሜ ገደብ አለው፣ እሱም ገደቡን አልፎታል። ስንጠይቀው በቀልድ ነበር የሚመልሰው። «እኔ ወንበር ያዥ ነኝ» ይላል። ሰርግ ቤት ቀድሞ ገብቶ ለዘመድ ወንበር የሚይዝ ሰው አለ አይደል፣ እንደሱ። እየሳቀ ስለሚለው እኛም ስቀን እናልፈው ነበር።

ሐዋ ግን አላለፈችውም። ከሄደች በኋላ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ለአፍሪካ መሐንዲሶች የወጣ ነው፣ በሞቃት ከተሞች ስላሉ ቤቶች ነው፣ የዕድሜ ገደብ የለውም። ለነቢል ላከችለትና ከሥሩ «ፉል ነው» ብላ ጻፈች። ከልጆቼ ጋር አልሻማም ብሎ መለሰላትና ነገሩን ደበቀን። እሷም ማስታወቂያውን ቡድኑ ውስጥ ለጠፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ተማክረን ተሰበሰብን። ፉሉ እየተንጨረጨረ መጣ። ሁላችንም ነቢልን ማየት ጀመርን። እኔ ጣቴን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ። «በል ተናገር» አልኩት። ነቢል ነገሩ ሲገባው ላቡን ጠረገ። ስለ ሙቀት ሽግግር፣ ስለ ቁስ ባሕርይ ጀምሮ ተንተባተበ፣ መለስ አለ፣ እንደገና ጀመረ። ፉሉ ድምፁን አጠፋ። አዴ ዘይነባ በጭልፋዋ እያማሰለች፣ ቀና ሳትል «አልገባኝም ነቢል፤ ብላ» አለችው። ስንት ቅዳሜ ላብ በላብ ያደረገንን ሰው እንደዚያ ስናየው ደስታችንን መደበቅ አቃተን። የበረደ ፉሉን አቀርቅሮ በላው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳንጠራው መጣ። ሳህኑ ሳያርፍ ወደ አዴ ዞረ።

«አዴ፣ ቆርቆሮሽ ቀን ቀን ምን ያደርግሻል?»

«ይጠብሰኛል።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትማ ውጭ ነው የምተኛው፤ ሰማዩ ይቀዘቅዛል።»

«ያንን የሌሊት ቅዝቃዜ ጣሪያሽ ይዞ እስከ ቀትር እንዲያቆይልሽ ነው የምፈልገው። ያለ መብራት፣ ያለ ቬንቲሌተር።»

ፉሉ ገና እየጮኸ ነበር። ጭልፋው ቆመ። አዴ ዘይነባ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አቅንታ፣ ከዚያ ወደ ነቢል መለሰችው። «ገባኝ» አለች። ቀጥላ ግን ብላ አላለችውም። «ይህን ሁሉ ዓመት ይህን እያወቅክ ነው እዚህ ተቀምጠህ ፉል የምትበላው? እኔ እዚህ ስነድ?»

ነቢል ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። በዚያው ሳምንት አመለከተ።

ቃለ መጠይቁን የሰጠው እኛ ፋብሪካ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ኔትወርኩ ይሻላል ብዬ አስፈቅጄለት። ማንም እንዳይገባበት በሩ ላይ ቆምኩ። አባቱ በሕይወት ስለሌለ አንዱ ምክሩ አያስፈልገውም ብዬ በልቤ እየቀለድኩ ነበር። ጠያቂዎቹ «ሚስተር አብዱላሂ» ብለው ጠሩት። ብድግ ሲል ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ «አለሁ» የሚል ድምፁን ሰማሁ። እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ሲጠይቁት ወንበር ስይዝ ነበር፣ ልጆቼ ሁሉ ተቀምጠዋል፣ አሁን እኔ ልቀመጥ አላቸው።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አባቱ አብዱላሂ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሰው ሻንጣ ባቡር ላይ ሲያወጣ ኖሮ፣ እሱ አንድም ቀን ተሳፍሮ ሳይሄድ ሞቷል። «አባቴን ነው እኮ የጠሩት» አለኝ ነቢል። «አንድም ሰው ግባ ብሎት አያውቅም ነበር።» ከዚያ መሐረቡን አጥቦ አንገቱ ላይ አደረገና ወደሚያስተምርበት ክፍል ሄደ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ባጃጁ ውስጥ አንጀቴን የበላው እንግዲህ ይህ ነው። ሞትስ ለማንም አይቀርም። ግን ያ ሁሉ ወንበር ይዞ፣ በመጨረሻ አንዴ ልቀመጥ ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሳይሰማ ይሂድ? በአምላክ ሥራ አይገባም ይባላል እንጂ እኔ በዚያች ሰዓት ገብቼበት ነበር።

ሰፈሩ ስደርስ ቀትር አልፏል። ድሬ በዚያ ሰዓት ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል፤ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። የነቢል ደጅ ግን በሰው ተሞልቷል። የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ሊተክሉ ብረቱን ያስተካክላሉ። ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከከዚራ ሰፈር የመጡት ጓደኞቼ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል፣ የሰፈሩ ሴቶች ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ይንሰቀሰቃሉ። አዴ ዘይነባ ድስቷን ጥላ መጥታ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የነቢል ባለቤት ሰሚራ ለሰርግ ሐረር ሄዳ ስለነበር፣ ማን ደውሎ ያርዳት በሚለው ሰዎች ጥግ ይዘው ይመካከራሉ። የግቢው በር ዝግ ነው። አስከሬኑ እየታጠበ ይሆናል ብሎ ማንም አላንኳኳም።

ከወጣቶቹ አንዱ የያዘው ብረት አመለጠውና የቆርቆሮ በሩን መታው። ድምፁ ሰፈሩን አናጋው። ከውስጥ የተቆጣ ሳል ተሰማ። በሩ ተከፈተና ነቢል ሽርጡን እያጠበቀ፣ በካናቴራ፣ ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር እንደታተመ ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ሕዝቡን እያየ። ድንኳኑን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ሞተ?»

ሁለት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ። አዴ ዘይነባ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ አየችው።

«አንተ» አለችው።

«እኔ? መቼ?»

መልሱ የመጣው በዚያ ጠዋት ነበር። ተቀብለውታል፣ ፉል ነው። ነቢል ለሐዋ ብቻ ጻፈላትና፣ ሰሚራ ከሐረር ስትመለስ ከአፉ እንድትሰማው ስለፈለገ ለማንም እንዳትናገር አደራ አላት። ከዚያ እንደ ልማዱ ስልኩን ዘግቶ ተኛ፤ የቀትር እንቅልፉን የሚደፍር ነገር በዚህ ዓለም የለም። ሐዋ ደስታውን መቻል አቅቷት ቃለ መጠይቁን ማለፉን ጻፈችልን። የሚያለቅሱት ፊቶችም የደስታ እንባ ነበራቸው። ላቦራቶሪ ገብታ ስልኳን ስላላየች እኛ ስንቀብረው አልሰማችም። አመሻሽ ላይ ስትደውል ሁላችንም ስልኩን ከበብን፤ ምነው አንቱ አልሽው ብለን ጮህንባት። እሷም እየሳቀች እያለቀሰች «ዶክተር ሊሆን ነው፣ አንተ ማለት ነውር መስሎኝ ነው፣ ወላሂ» አለች።

በዚያ ቀትር ግን ነገሩ ሲገባው ነቢል ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጎኑን ይዞ ሲስቅ የተኛው ሰፈር ሁሉ ነቃ። ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ ቡድኑ ውስጥ የተጻፈለትን የሐዘን መግለጫ ለሕዝቡ ማንበብ ጀመረ። በእያንዳንዱ ላይ አስተያየት ይሰጣል። አንዱን «ነፍስ ይማር» ብቻ ብለህ ነው የሸኘኸኝ ብሎ ወቀሰው፤ ረጅም የጻፈውን ደግሞ እንደዚህ አሳምረህ መጻፍ ትችል ኖሯል ወይ፣ ማመልከቻህ ላይ የት ደብቀኸው ነበር አለው። እኔ ጋ ሲደርስ አለቀስክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባጃጅ ውስጥ ስል ነጂው ምን እንዳለ ማወቅ ፈለገ። ዘፈኑን አጠፋ ስለው በጣም ረካ።

ችግሩ የእድሩ ሰብሳቢ ነበሩ። ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፣ ያለዚያ ደንብ ፈረሰ አሉ። ነቢል ትከሻቸውን ያዘና ተራዬን ዛሬ ተጠቅሜበታለሁ፣ ሌላ ጊዜ ስሞት አላስቸግራችሁም ብሎ ገላገላቸው። አዴ ዘይነባ ድስቷን አስመጣች። ፉል ከሰዓት በኋላ ሲበላ ድሬ አይታ አታውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በለቅሶ ድንኳን ሥር ፉል በላ። አመሻሽ ላይ ከሐረር የተመለሰችው ሰሚራ ድንኳኑን ከሩቅ አይታ እየጮኸች ስትሮጥ፣ ነቢል ሽርጡን በእጁ ይዞ ወደ እሷ ሲሮጥ አየነው። ወሬውን ከአፉ ሰማችው እንግዲህ።

የሚሄድበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። ሻንጣውን በባጃጅ ጭነን ከአውሮፕላን ጣቢያው በፊት አዴ ዘይነባ ጋ ጎራ አልን። ቤቱ ሞልቷል፤ ዩሱፍም ጎማ ቤቱን ዘግቶ መጥቷል። ፉሉ እየተንጨረጨረ መጥቶ ነቢል ፊት አረፈ። አንድ ሰው ከኋላ «በል ተናገር» አለ፣ ሁላችንም ሳቅን። ስንብቱን ሊናገር ወደ አዴ ዞረ።

«አዴ…» አለ።

ከዚያ አልቀጠለም። እጆቹን እንደ ልማዱ ዘረጋቸው፣ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያፈሰው ነገር አጣ። መሐረቡን ነካ፣ እንደገና አፉን ከፈተ። ሳህኑ ቀስ በቀስ ድምፁን አጠፋ። ማንም ጣቱን ጠርዙ ላይ አላሳረፈም። ዘይቱ ረጋ። ያን ሁሉ ሰው ፉሉ ሳይበርድ ያናገረው ነቢል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር ፉሉ በረደበት።

አዴ ዘይነባ መጥታ ሳህኑን አየችው፣ እሱንም አየችው። ሳህኑን አንስታ ሄደች። ልትደፋው መስሎን ነበር። እሳቱ ላይ ጣደችው። ፉል ሁለቴ እሳት አያይም የምትል ሴት፣ እዚያው ቆማ እስኪንጨረጨር ጠበቀች። መልሳ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ፉርኖውን በእጇ ቆረሰችለት።

«ገባኝ፣ ነቢል» አለችው። «ብላ።»